ሃያ ከሃያ

ትናንት ምን ብላ እንዳሰበች ትርሲት ያወቀችው ጥርሷን እየቦረሸች ሳለች ነው። ጽሑፉ እንደየጠዋቱ የመታጠቢያው መስታወት ላይ ብቅ አለ። «እንደምን አደሩ። ትናንት እንደራሴዎ በስምዎ በሦስት ውይይቶች ተካፍሏል። የዓሣ ግብርን ደግፈዋል። የሰንበት ሥራን በተመለከተ ሁለቱንም ወገን የሚያስማማ ሀሳብ አቅርበዋል። የጉም አፋፍ ከተማ ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ማዕከል እንዲሰበሰቡ አጥብቀው ደግፈዋል፤ ንግግርዎም በአርአያነት ተመርጧል። መልካም ቀን።»

ብሩሹ አፏ ውስጥ እንዳለ ቆመች። ጉም አፋፍ የተወለደችበት ከተማ ነው። አባቷ አሁንም እዚያው ይኖራሉ፤ እናቷም የተቀበረችው እዚያው ነው።

«ፌቨን፣ ነይ እስቲ ይሄን እይልኝ» አለች አረፋውን እንኳ ሳትተፋ።

የዶርም ጓደኛዋ ፌቨን ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መጣችና አነበበችው። «በአርአያነት? እንኳን ደስ ያለሽ።»

«የምን እንኳን ደስ ያለሽ ነው? እኔ መች ደገፍኩ? የአባቴን ቤት አፍርሱልኝ አልኩ እንዴ?»

«አንቺማ አላልሽም። እሱ ነው ያለው።» ፌቨን አዛጋች። «ደግሞ ይሄ ምን ያናድዳል? የኔው ስለ ዓሣ ግብር ሲከራከር አምሽቶልሻል። እኔ እንኳን ልበላው፣ የዓሣ ሽታም አልወድ።»

በዚያ ዘመን ሰው ስለ አገር ጉዳይ ምን እንደሚያስብ አይጠየቅም ነበር። ለምን ይጠየቃል? ይታወቃላ። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ሁሉ እንደራሴ ይሰጠዋል። እንደራሴው ባለቤቱ ፊደል ከቆጠረ ጀምሮ ትምህርት ቤት የጻፈውን ሁሉ አንብቦ፣ በባለቤቱ ድምፅ ይሰበሰባል፣ ይከራከራል፣ ድምፅ ይሰጣል። ለምን ትምህርት ቤት የተጻፈው ተመረጠ ቢሉ፣ ሌላ ቦታ ማን ይጽፋል? የስብሰባ አዳራሾች ሁሉ የቅርጫት ኳስ መጫወቻ ሆነዋል። ታክሲ ውስጥ መንግሥትን ማማት ቀርቷል። አልፎ አልፎ አንድ ሽማግሌ ይረሱና «ይሄ አዋጅ ግን…» ብለው ሲጀምሩ፣ አጠገባቸው ያለው ሰው ፊቱ ላይ እንዳገሱበት ሁሉ ወደ መስኮቱ ይዞራል።

ትርሲት ግን ሀሳብ ነበራት። የማሰባሰብ አዋጁ መንገድና መብራት ለመዘርጋት እንዲመች ተብሎ ሰውን ከየተራራው አውርዶ ሜዳ ላይ ይከምራል። መንገዱ ወደ ሰው ይሂድ እንጂ ሰው ለመንገድ ብሎ ለምን ይነሳል፣ ይነሳ ቢባልስ ቀድሞ አይጠየቅም ወይ? ይህን ለማንም ተናግራው አታውቅም። የሚሰማት አልነበረም፤ እሷም ብትሆን ከአፏ ማውጣቱን አልለመደችውም። ያን ለት ጠዋት ግን አፏን ተጉመጥምጣ፣ ቁርስ ሳትበላ፣ በግቢው ጫፍ ወዳለው የእርማት መስኮት ሄደች።

ወረፋ የለም። ከመስታወቱ ወዲያ አቶ ሽብሩ የሚባሉ ጎልማሳ ሠራተኛ ሳምቡሳ እየበሉ ነበር።

«እርማት ነው?»

«አዎ።»

«የስም ነው የአድራሻ?»

«የሀሳብ።»

አቶ ሽብሩ ሳምቡሳቸውን አስቀመጡ። ጣታቸውን ጠራርገው ማኅደሯን ከፈቱና ቅንድባቸውን ወደ ላይ ሰቀሉ። «አንቺማ ሰቃይ ነሽ። ስነ ዜጋ፣ ስምንተኛ ክፍል፣ ሃያ ከሃያ። ዘጠነኛ ክፍልም ያው። እኔ እዚህ ከተቀመጥኩ እንዲህ የጠራ አቋም ያለው ተማሪ አላየሁም።» ከዚያ ማንበብ ጀመሩ። «ልማት የሚጠይቀውን መስዋዕትነት በጸጋ መቀበል የንቁ ዜጋ መገለጫ ነው፤ ከቀዬ መነሳትም ማጣት ሳይሆን ማግኘት ነው። አንቺ አይደለሽም የጻፍሽው?»

«ነኝ።»

«ጥያቄው ደግሞ ‘የግል አስተያየትዎን ያብራሩ’ ይላል። የግል ይላል እኮ።»

«ጋሼ፣ ፈተና ነው እኮ። ፈተና ላይ ማን የሚያስበውን ይጽፋል? ነጥብ የሚያሰጠው ነው የሚጻፈው። እርስዎስ ያሰቡትን ነበር የሚጽፉት?»

አቶ ሽብሩ ማያውን ወደ እሷ አዞሩላት። «እስቲ ራስሽ አነጋግሪው። አንዳንዴ ከባለቤቱ ጋር ይግባባል።»

«የጉም አፋፉን ድምፅ ቀይረው» አለች ትርሲት። «አልፈልግም በል።»

የመለሰላት ድምፅ የራሷ ነበር፣ ትንሽ ልጅ ልጅ ከማለቱ በቀር። «ትርሲት፣ ተቆጥተሻል። በስሜት ተነሳስቶ አቋም መቀያየር የንቁ ዜጋ መገለጫ አይደለም። ዘጠነኛ ክፍል፣ ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ጽፈሽዋል።»

«የአባቴ ቤት ነው የሚፈርሰው። ይገባሃል?»

«የግል ጥቅምን ለጋራ ጥቅም አሳልፎ መስጠት። አሥረኛ ክፍል።»

«እኔ እኮ ነኝ የማናግርህ። እኔ ራሴ።»

«አውቃለሁ» አለ ድምፁ። «አንድ ጠዋት ብቻ ነው እንዲህ ያልሽው። እኔ ዘንድ ያለው ግን የብዙ ዓመት ነው።»

ትርሲት ማያውን ገፋ አደረገችው። ከሌላ ሰው ጋር ተከራክራ ብትረታ ይሻላት ነበር። በገዛ አፏ መረታቷ ነው ያንገበገባት።

አቶ ሽብሩ ግራ ቀኛቸውን አይተው ወደ መስታወቱ ጠጋ አሉ። «አይክፋሽ። ባለፈው የሠራተኛ ደመወዝ ይጨመር ሲባል የኔ እንደራሴ ተቃውሞልሻል። ስምንተኛ ክፍል ስለ ቁጠባ አሳምሬ ጽፌ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አላሳረሙትም?»

«መቼም ሕጉን ታውቂዋለሽ። ለማሳረም የድሮው መልስ የራሴ አልነበረም ብለሽ መፈረም አለብሽ። ስትፈርሚ ነጥቡ ይሰረዛል። ነጥቡ ሲሰረዝ ከሱ በላይ ያለው ሁሉ ይሰረዛል። ስምንተኛ ክፍል ተመልሰሽ ትፈተኛለሽ።» ሳምቡሳቸውን መልሰው አነሱ። «ልትመረቂ ደርሰሻል። ተመረቂና እርሺው፣ እኔን ስሚኝ።»

«የጉም አፋፉ ድምፅ መስጫ መቼ ነው የሚዘጋው?»

«ሰኞ ማታ።»

ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶብስ ወደ ጉም አፋፍ ወጣች። አባቷ መምህር ወንድይፍራው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ከተማው ግን እስካሁን «ቲቸር» ነው የሚላቸው። ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ጠበቋት። የጎረቤታቸው የእትዬ አስካለ ቀብር በጠዋት ተፈጽሞ ነበር፤ ልቅሶ ቤት ሊሄዱ ነው።

«አባዬ፣ እንደራሴህ ምን እንዳለ አይተሃል?»

«እኔ እሱን አይቼ አላውቅም። የራሱን ሥራ ይሥራ፣ እኔ የራሴን።»

«ቤቱ እንዲፈርስ ደግፎ ይሆናል።»

«አይ አንቺ። የኔው እንዴት ብሎ ይደግፋል?» አሉና በሩን ቆለፉ።

ድንኳኑ ግጥም ብሏል። ንፍሮ ይዞራል። ወሬው ስለ ሟች ደግነት ነበር። «እናቴ ከአባቴ ጎን ለመቀበር ነበር ምኞቷ፤ ይኸው ደረሰላት» አለ የእትዬ አስካለ ልጅ። ትንሽ ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገና «እስከ መቼ እንደሆነ ነው እንጂ» አለ። መቃብሩም ከከተማው ጋር እንደሚነሳ የማያውቅ የለም። ሰው ሁሉ አቀርቅሮ ንፍሮውን አየ።

«እኔ ከተማችን እንዲነሳ አልፈልግም» አለች ትርሲት።

አባቷ ክንዷን ነካ አደረጓት፤ ነውር ነገር የተናገረች ያህል ፊታቸው ቀላ። ባለሱቁ ጋሽ ደምሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔስ መች ፈለግኩ?» አሉ። «አገሩ ሁሉ ደግፏል ሲባል ጊዜ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነው አፌን የያዝኩት።»

«እኔም እኮ እኔ ብቻ መስሎኝ» አሉ አንዲት ሴት ከወዲያ ማዶ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። የማይፈልገው በዛ። የሚፈልግ ጠፋ።

«ታዲያ የደገፈው ማነው?» አለ የእትዬ አስካለ ልጅ።

ሰዎቹ ስልካቸውን እያወጡ በስማቸው ምን እንደተባለ አዩ። ሁሉም ደግፈዋል። መምህር ወንድይፍራውም መነጽራቸውን አድርገው ፈለጉና አገኙት፤ እሳቸውም ደግፈዋል። ጋሽ ደምሰው የራሳቸውን ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። «ልማት የሚጠይቀውን መስዋዕትነት…» ሳይጨርሱት ከጎናቸው ያሉት ሴት «በጸጋ መቀበል» ብለው ቀጠሉላቸው። ከኋላ ሁለት ሦስት ሰዎች ገቡበት። ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ በአንድ ድምፅ «የንቁ ዜጋ መገለጫ ነው፤ ከቀዬ መነሳትም ማጣት ሳይሆን ማግኘት ነው» ብሎ አሳረገው። ስልኩን ያየ አንድም ሰው አልነበረም። በቃላቸው ነው።

ሰው ሁሉ ቀስ እያለ ወደ መምህር ወንድይፍራው ዞረ። በከተማው ያለው ትምህርት ቤት አንድ ነው፤ ስነ ዜጋ ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው። ልጆቹን ቀን፣ ጎልማሶቹን በማታው ክፍለ ጊዜ። ሰሌዳው ላይ ጽፈው «ገልብጡ» ይላሉ፤ «ይቺ አትቀርም፣ በየዓመቱ ትመጣለች፣ በቃላችሁ ያዟት» ይላሉ። የያዘ ይይዛል፣ ያልያዘ ከጎኑ ይኮርጃል። ትርሲት ዙሪያ የተቀመጡት ሁሉ ከትርሲት ነበር ለመኮረጅ የሚሞክሩት፤ እሷ ግን ወረቀቷን በክንዷ ሸፈን ታደርግ ነበር።

«ሃያ ከሃያ እንድታገኙ ብዬ ነው» አሉ መምህሩ። መነጽራቸውን አወለቁ። «መልስ ነው ያስጻፍኳችሁ እንጂ ሀሳብ አይደለም። ወረቀቱን አንስቶ ይሄ የሰውየው ልብ ነው የሚል ይመጣል ብዬ መች አሰብኩ?»

«ማሳረም ይቻላል» አለች ትርሲት። «እያንዳንዳችን ሄደን መልሱ የራሳችን አልነበረም ብንል ይታረማል። ወይም አባዬ ሄዶ እኔ ነኝ ያስጻፍኳቸው ቢል፣ የሁላችንም በአንድ ጊዜ ይታረማል።»

«እሄዳለሁ» አሉ አባቷ ወዲያው። «ነገ ዛሬ ሳልል እሄዳለሁ።»

«ከዚያስ?» አሉ ጋሽ ደምሰው።

ትርሲት ከዚያ የሚሆነውን ነገረቻቸው። ነጥቡ ይሰረዛል፣ ከሱ በላይ ያለው የምስክር ወረቀትም አብሮ ይሰረዛል። እየተናገረች ሳለች የድንኳኑ ፊት ሲለዋወጥ ታያት። አንዷ ሴት ልጄ ነርስ ናት አሉ። አንዱ ወንድሜ ሹፌር ነው፣ መንጃ ፈቃዱ በስምንተኛ ክፍል ነው አለ። ጋሽ ደምሰው ትንሿ ልጃቸው ጽናት ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል መሆኗን ጠቅሰው፣ ትልቆቹ ወንድሞቿ ከተሰረዙ እሷን ማን ሊያስተምራት ነው አሉ። መጨረሻ ላይ የእትዬ አስካለ ልጅ፣ እናቱን በጠዋት የቀበረው ሰውዬ፣ ተነስቶ መምህሩ ፊት ጎንበስ አለ።

«ቲቸር፣ በእናቴ ይሁንብዎ፣ ዝም ይበሉ። ቤቱም ይፍረስ። ልጆቻችን በወረቀታቸው ይኑሩ።»

መምህር ወንድይፍራው አንገታቸውን ደፉ። ትርሲት ንፍሮ የያዘውን እጇን ጨበጠችው። ድንኳኑን በሙሉ መሳደብ አማራት። እንዳትሳደብ ደግሞ አንዳቸውም አላጠፉም፤ እሱ ነው ይበልጥ ያበገናት። መንገድ ላይ ለአባቷ «አንተ ነህ ያስጻፍከን» አለቻቸው። «እኔ ነኝ» አሉ።

ሰኞ ጠዋት ትርሲት ከአቶ ሽብሩ መስኮት ፊት ቆመች። ሰውየው ሲያዩዋት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አስበሽበታል?»

«አላሰብኩበትም። ካሰብኩበት እቀራለሁ። የት ነው የምፈርመው?»

ፈረመች። የዶርሟ ቁልፍ ምሳ ሰዓት ላይ መክፈት አቆመ። ፌቨን ሻንጣዋን ይዛላት ወጣችና በሩ ላይ አቅፋት አለቀሰች። «ለአንድ ድምፅ?» አለቻት። «የኔ እኮ ነው» አለች ትርሲት። በማግስቱ ውጤቱ በየመስታወቱ ወጣ። ጉም አፋፍ፦ ድጋፍ፣ ከአንዱ በቀር ሁሉም። ተቃውሞ፣ አንድ። ዶርም የሌላት ትርሲት ያነበበችው ሻይ ቤት መስታወት ላይ ነው። አስተናጋጁ አንብቦት «አንዱ ደግሞ ማነው?» ብሎ ሳቀና ጠረጴዛውን ጠረገ።

ማፍረሱ ከፈተና በኋላ እንዲሆን ተወሰነ። የጉም አፋፍ ትምህርት ቤት ለመጨረሻ ጊዜ ስምንተኛ ክፍልን ሲፈትን፣ ግቢው ውስጥ የጭነት መኪኖች ቆመው ነበር፤ የቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ተጭኗል፣ ደወሉ ወርዶ ሳር ላይ ተጋድሟል። አባቷ ትምህርት በጀመረችበት ቀን እንደወሰዷት ሁሉ ትርሲትን እስከ በሩ ሸኟት። የሃያ ሁለት ዓመት ሴት ነች፤ ዩኒፎርም ግን ግዴታ ነው ተብሎ የሰው ሹራብ ተውሳ ለብሳለች፣ እጅጌው ክርኗ ላይ ቀርቷል።

«ምን ብዬ ልጻፍ፣ ቲቸር?» አለቻቸው። ለማሾፍ ነበር።

አባቷ ግን አልሳቁም። «እኔ እንጃ ልጄ» አሉ። ዕድሜዋን ሙሉ ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምታው አታውቅም።

ክፍሉ ውስጥ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። ከኋላዋ በሰያፍ የጋሽ ደምሰው ልጅ ጽናት ነበረች። ልጆቹ ሁሉ ያውቋታል፤ የከተማው ሰቃይ ነች፣ ለምን ተመልሳ እንደመጣች ግን ማንም አልነገራቸውም። ወረቀቱ ታደለ። የመጨረሻው ጥያቄ ያው ነው። «ስለ ማሰባሰብ አዋጅ ያለዎትን የግል አስተያየት ያብራሩ። (20 ነጥብ)»

እስክሪብቶዋን አነሳች። እጇ ወዲያው ጻፈ፦ «ልማት የሚጠይቀውን መስዋዕትነት በጸጋ»። ቆመች። ያየችውን ማመን አቃታት። ትምህርቷን ጥላ፣ ሻንጣዋን አንጠልጥላ፣ የሰው ሹራብ ለብሳ የመጣችው ይህንኑ ለመጻፍ ነው እንዴ? ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ሰረዘችው። እንደገና ለመጀመር ብዙ ጊዜ ፈጀባት፤ ሌላ መጀመሪያ አታውቅም። ቃላቱ አንድ በአንድ፣ እንደ ድንጋይ እየከበዱ መጡላት። «እኔ አልፈልግም። የጉም አፋፍን ሰው ማንም አልጠየቀውም። እኔ ጠይቄዋለሁ፣ እሱም አይፈልግም። መንገዱ ወደኛ ይምጣ። እናቴ እዚህ ነው የተቀበረችው።» አጻጻፉ አያምርም። ዓረፍተ ነገሩ ከዓረፍተ ነገሩ ጋር አልተያያዘም። አራሚው በተሰጠው የመልስ ወረቀት መሠረት ዜሮ እንደሚሰጣት ታውቃለች፣ ያም ሆኖ እያንዳንዱን ቃል ስትጽፍ ደረቷ ቀለል ይላት ነበር።

ከኋላዋ ወንበር ሲንቋቋ ሰማች። ዞር ሳትል አወቀችው፤ አንገቷን ያሰገገች ልጅ ድምፅ ነው። ሳታስበው ክንዷ ሄዶ ወረቀቱን ሸፈነው።

ፈታኙ መስኮቱ ጋ ቆሞ የሚጫነውን ሰሌዳ ያያል። ትርሲት ከንፈሯን ብዙም ሳታንቀሳቅስ ወደ ኋላ ተናገረች። «ጽናት፣ ከኔ አትኮርጂ። ይሄ መልሱ አይደለም። ዜሮ ነው የሚያሰጥሽ።»

«መልሱንማ በቃሌ አውቀዋለሁ» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ። «አባቴ ድንኳን ውስጥ ምን እንዳልሽ ነግሮኛል። ከ‘መንገዱ’ ቀጥሎ ያለው ነው ያልታየኝ። ክንድሽን ትንሽ ዞር አድርጊልኝ፣ ትርሲትዬ።»

ትርሲት ክንዷን አነሳች።